ሪሜኩ ብቻ ይበቃል ወይ ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ

«ፋይናል ፋንታሲ 7 ሪሜክን ልጀምር ነው፣ የ1997ቱን የግድ መጫወት አለብኝ ወይስ አዲሱ ይበቃል?» ብለህ የጠየቅከውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። (ሪሜክ ማለት የድሮውን ጌም እንደ አዲስ መሥራት ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።) ከላይ የመለሱልህ ልጆች «የድሮው ግራፊክስ አርጅቷል፣ አዲሱን ተጫወትና ተገላገል» ብለውሃል። እኔም ይሄንኑ ምክር ሰምቼ ነው የተቃጠልኩት። አይበቃም ወንድሜ።

1. ሪሜኩ ሙሉው ጌም አይደለም። በ2020 የወጣው የሚሸፍነው ሚድጋር የምትባለውን ከተማ ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ ደግሞ «ክፍል አንድ» የሚል ነገር የለም። የ1997ቱ በሦስት ዲስክ ነው የወጣው፣ ከሚድጋር የምትወጣው ግን የመጀመሪያው ዲስክ ገና ሳይጋመስ ነው። እኔ ይሄን አላወቅኩም። ያገለገለ ዲስክ ልገዛ ሄጄ ሻጩን ሁለት ጊዜ «ሙሉ ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሁለት ዲስክ ነው እኮ፣ አይታይህም?» አለኝ። ሁለት መሆኑን ሳይ አመንኩ። ለካ አንደኛው መጫኛ ብቻ ነው። የሁለት ወር ቁጠባዬን አውጥቼ ሰጠሁት፣ ማታ ማታ ከሥራ መልስ 40 ሰዓት ገደማ ተጫወትኩ፣ ከዚያ የጌሙ ልጆች ከከተማዋ ወጥተው ሜዳው ላይ ቆሙ፣ ዝናብ ጣለ፣ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ጀመረ። አለቀ። እኔ ገና ይጀምራል ብዬ ነበር የምጠብቀው።

በማግስቱ ሱቁ ተመልሼ «ቢያንስ በሌላ ጌም ቀይርልኝ» አልኩት። «እኔ ዲስክ እንጂ ታሪክ አልሸጥም፣ ጨርሰህ መጥተህ ነው ቀይር የምትለኝ?» አለኝ፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት። ብሩ ይቅር፣ ንግግሩ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። የማያውቀውን ነገር «ሙሉ ነው» ብሎ የሸጠው እሱ ነው። ስለዚህ አንተ የምትገዛውን አውቀህ ግዛ፤ ቀጣዩ ክፍል ሪበርዝ ይባላል፣ የወጣው በ2024 ነው፣ ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ እሱም ታሪኩን አይጨርሰውም።

2. ታሪኩ ራሱ ተነካክቷል። ይሄ ከብሩ በላይ ያናደደኝ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ክላውድ አበባ ሻጯን ኤሪዝን መንገድ ላይ ሲያገኛት ግራጫ ካባ የለበሱ መናፍስት መጥተው ይከቧታል። ከዚያ በኋላም በየቦታው ብቅ ይላሉ። እኔ የሆነ ጭራቅ መስለውኝ ነበር። የ1997ቱን ከተጫወትኩ በኋላ ነው የገባኝ። ታሪኩ ከድሮው መስመር ሊወጣ ሲል እየመጡ የሚመልሱት እነሱ ናቸው! መጨረሻ ላይ ከእነሱ ጋር ትልቅ ውጊያ አለ፣ ዕጣ ፈንታን ስለመስበር ይወራል፣ ሙዚቃው ያብዳል፣ እኔ ግን የትኛው ዕጣ ፈንታ እንደሚሰበር ስለማላውቅ ምንም አልተሰማኝም። ሁለት ሰዎች የሚተዋወቁበትን ነገር ሲያወሩ መሃላቸው እንደተቀመጠ እንግዳ ነበርኩ።

ሠሪዎቹ እኮ ራሳቸው ናቸው። የድሮውን ዳይሬክት ያደረገው ዮሺኖሪ ኪታሴ የሪሜኩ ፕሮዲዩሰር ነው፣ ያኔ ገጸ ባሕርያቱን የሣለው ቴትሱያ ኖሙራ ደግሞ ሪሜኩን ዳይሬክት አድርጓል። የሚያወሩት የድሮውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው።

3. የድሮውን ግራፊክስ አትፍራ። እውነት ነው፣ እጃቸው እንደ ሳንቃ ነው፣ አፍ የላቸውም፣ ንግግሩ በሙሉ በጽሑፍ ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት ልተወው ነበር። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ በላከልኝ የጌም መግዣ ካርድ ለፕሌይስቴሽን 4 የገዛሁት ስለሆነ ብቻ፣ ብሩ እንዳይባክን ብዬ ቀጠልኩ። ስድስት ሰዓት አካባቢ ላይ ከሚድጋር ወጣሁ። ስክሪኑ ተቀየረ፣ ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ መጣ፣ ሙዚቃው ተከፈተ። 40 ሰዓት የኖርኩባት ከተማ ከኋላዬ ጥቁር ክብ ነገር ሆና ቁጭ ብላለች። ዓለሙ ሁሉ እሷ መስላኝ ነበር። ካርታውን ከፍቼ ሳየው አንድ ጥግ ላይ ናት። ከመቀመጫዬ ነው የተነሳሁት! ሪሜኩ ያንን ሊሰጥህ አይችልም፣ ምክንያቱም የሚያልቀው እዚያው በሩ ላይ ነው።

እኛ ሰፈር ይሄን ጌም የሚያውቅ ልጅ አልነበረም። ፕሌይስቴሽን ቤት የምንከፍለው በጌም ወይም በሰዓት ነው፣ ኳስና ጂቲኤ ነበር፣ ሜሞሪ ካርድ ላይ የራስህን ሴቭ ማስቀመጥ የማይታሰብ ነው። እና ረጅም ታሪክ ያለውን ጌም በምን አቅም? አሁን ግን ጨርሼዋለሁ፣ ሦስት ጓደኞቼንም አስጨርሻለሁ፣ በዚህ እኮራለሁ።

ሁሉም ሪሜክ እንዲህ ነው እያልኩህ አይደለም። በ2018 የወጣው ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ ከድሮው ጋር አጥንቱ አንድ ነው፣ ቆዳው ነው የታደሰው፣ እሱን ብቻ ብትጫወት ብዙ አይቀርብህም። ሬዚደንት ኢቭል 4ን ሁለቱንም ተጫውቻለሁ። በድሮው እያነጣጠርክ መራመድ አትችልም፣ ፍርሃቱ ከዚያ ነው የሚመጣው፣ በ2023ቱ ትራመዳለህ፣ ቢላዋህ ግን ይሰበራል። ሌላ ጌም ነው፣ ግን ያለ ድሮው ይገባሃል። ያንተው ሪሜክ ግን ያለ ድሮው አይገባህም።

የድሮውን ከጀመርክ ጥቂት ነገር ያዝ። ኤሪዝ እዚያ ኤሪስ ነው የምትባለው፣ አትደናገር። ሴቭ የሚደረገው በተወሰነ ቦታና በዓለም ካርታው ላይ ብቻ ነው፣ እኔ መብራት ሄዶብኝ የሁለት ሰዓት ድካሜ ጠፍቷል፣ ስለዚህ ሴቭ ነጥብ ባየህ ቁጥር አድርግ። ውጊያው ከሰለቸህ የፕሌይስቴሽን 4ቱ 3 እጥፍ ማፍጠኛ አለው። የመጀመሪያው ዲስክ መጨረሻ ላይ የሚሆነውን ማንም ቢነግርህ አትስማ፣ ዩቲዩብም አትክፈት። ኒብልሃይም የምትባለው ከተማ ስትደርስ ደግሞ ትልቁ ቤት ውስጥ ያለውን ካዝና ሳትከፍት እንዳትወጣ፣ ቪንሰንት የሚባለው ተጨማሪ ተዋጊ የሚገኘው በእሱ ነው። ለመክፈት የሚሰጥህ 20 ሰከንድ ነው። አራቱ ቁጥሮች ደብተሬ ላይ ተጽፈው አሉ፣ ካስቸገረህ እዚሁ ጻፍልኝ።