ሠልጥነው ሲመለሱ ያው ስህተት

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ የሴቶች ቁጠባ ቡድኖችን በሚደግፍ አገር በቀል ድርጅት አስተባባሪ ነኝ። በየሩብ ዓመቱ ከደንቢያና ከጎንደር ዙሪያ የሚመጡ 38 የመስክ ሠራተኞችን ሆቴል አዳራሽ ሰብስበን ስለ ሪፖርት አሞላል ሁለት ቀን እናሠለጥናለን። የማጠቃለያ ፈተናውን ሁሉም ያልፋሉ። ከወር በኋላ ግን ቅጹ እንደ በፊቱ ተበላሽቶ ይመጣል። ምን እናድርግ? (ከማራኪ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አዳራሽ ከመከራየትዎ በፊት ሦስት አራት ሠራተኞች ዘንድ ሄደው፣ ቅጹን ሲሞሉ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይዩ። እርስዎ እያዩ በትክክል ከሞሉ፣ ያውቁታል ማለት ነው። ችግሩ የቅጹ መርዘም ወይም ተሞልቶ ሲመጣ የሚያገላብጠው ሰው አለመኖሩ ነው፤ ያንን ሥልጠና አያድነውም። እያዩዋቸውም ከተሳሳቱ ግን ሥልጠና ያስፈልጋል፤ አሁን የምትሰጡት ዓይነት ግን አይደለም።

አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ማልኮም ኖውልስ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «አንድራጎጂ» (የጎልማሶች አስተምህሮ) እያለ ያስፋፋው ሐሳብ እዚህ ይጠቅማል። ጎልማሳ ለምን እንደሚማር ካልገባው ልቡን አይሰጥም፤ የራሱን ልምድ ይዞ ይመጣል፤ ነገ ሥራው ላይ የሚገጥመውን ችግር የሚፈታለትን ነገር ቶሎ ይይዛል። ሁለት ቀን ሙሉ ስላይድ ሲያይ የዋለ ሰው ከእነዚህ አንዱንም አላገኘም። ፈተናውን ማለፉም ከምሳ በፊት የተባለውን ማስታወሱን እንጂ መሥራት መቻሉን አያሳይም።

ስለዚህ ከስላይዱ ሳይሆን ከራሳቸው ቅጽ ይነሱ። ከሥልጠናው ሁለት ሳምንት በፊት 30 የተሞሉ ቅጾች ሰብስበው ስህተቶቹን ይቁጠሩ፤ በብዛት የተደጋገሙትን ሦስቱን ብቻ ይውሰዱ። አንዱ የቀን ጉዳይ መሆኑ አይቀርም። የመስክ መዝገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ለጋሹ የሚጠይቀው ሩብ ዓመት ግን ከጃንዋሪ እስከ ማርች፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ከታኅሣሥ 23 እስከ መጋቢት 22 ነው። ታኅሣሥ 20 የተካሄደ ስብሰባ ዲሴምበር 29 ላይ ስለሚውል ባለፈው ሩብ ዓመት መቆጠር ነበረበት። ሌላው የተለመደ ስህተት ሁለት ስብሰባ የመጣችን አንዲት ሴት ሁለት ተጠቃሚ አድርጎ መቁጠር ነው።

38ቱን ለሦስት ከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን ግማሽ ቀን ይስጡ። ስም የተሰረዘባቸውን ቅጾች ለጥንድ ጥንድ አድለው «ስህተቱን ፈልጉ» ይበሉ፤ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ እንዴት እንደተፈጠረ እነሱው ይናገሩ። ደንቡን በ10 ደቂቃ የሚያስረዱት ያን ጊዜ ነው፤ ቀድመው ካስረዱ ፍለጋው ትርጉም ያጣል። ቀጥሎ ከገዛ መዝገባቸው አዲስ ቅጽ ይሙሉ። አብዛኛው አሠልጣኝ ሰዓት ሲያጥረው የሚቆርጠው ይህንን የመጨረሻውን ነው፤ ከቆረጡ ግን የሻይ ሰዓቱን ይቁረጡ።

ይሉኝታን አይርሱ። አለቃ በተቀመጠበት ክብ ውስጥ ጀማሪው «እኔም እንዲህ ነበር የምሞላው» አይልም። ኃላፊዎች ለብቻቸው ይቀመጡ፤ ከውይይቱ በፊትም ሁሉም ሐሳቡን በካርድ ላይ ይጻፍ፣ ስም ሳይጽፍ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በቅርብ የተቀጠረን ሰው «አንተው ፈልገው» ብሎ መተው ጎልማሳነቱን ማክበር አይደለም። ልምድ የሌለው ሰው መጀመሪያ ደረጃ በደረጃ መመራት ይፈልጋል። ኖውልስም ኋላ ላይ የልጆችና የጎልማሶች አስተምህሮ እንደ ሁኔታው የሚቀላቀሉ እንጂ የሚቃረኑ አይደሉም ብሏል። አዲሶቹን ከነባር ሠራተኛ ጋር ሁለት ሳምንት መስክ ያውሏቸው። ጎንደር ለዚህ እንግዳ አይደለችም፤ በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ሥራውን እዚያው ያስተምር ነበር።

«ሥልጠናውን ወደዱት?» የሚለው የማጠቃለያ መጠይቅ ስለ ምሳው ይነግርዎ ይሆናል። ይልቅ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ደግሞም ከሁለት ወር በኋላ ከየሠራተኛው አምስት አምስት ቅጽ አንሥተው ያንኑ ሦስት ስህተት ይቁጠሩ፤ ውጤቱንም በስልክ ለሠራተኛው ለራሱ ይንገሩት። ከሦስቱ አንዱ ካልቀነሰ፣ ሌላ ሥልጠና ከማዘጋጀትዎ በፊት ያን የቅጹን ረድፍ ራሱን ይመርምሩ፤ ቀኑ ጎን ለጎን በሁለቱም አቆጣጠር የሚጻፍበት ቦታ ማከል ብቻውን ሊፈታው ይችላል።