ገንዘቡን የሚሰጠው ኤጀንሲ ቢዘጋም የመመለስ ግዴታው ይቀጥላልን?

ጥያቄ፦ በሰሜን እንግሊዝ በምትገኝ ከተማ ለጎልማሶች የእንግሊዝኛ ቋንቋና የመሠረታዊ ሒሳብ ትምህርት የሚሰጥ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት እመራለሁ። የምንሠራው ከመንግሥት ጋር በቀጥታ ተዋውለን ሳይሆን የአንድ ኮሌጅ ንዑስ ተቋራጭ ሆነን ነው። ኮሌጁ በ2024/25 የትምህርት ዘመን ከመዘገብናቸው ሠልጣኞች የ20ዎቹን ፋይል መርምሮ በ6ቱ ላይ ጉድለት እንዳገኘ፣ ስለዚህም የዓመቱን ክፍያ 30 በመቶ በ14 ቀን ውስጥ እንድንመልስ፣ ይህን ካላደረግን ከቀጣዩ ክፍያችን እንደሚቀንስ በደብዳቤ አስታውቆናል። ከስድስቱ ሁለቱ ጥገኝነት ጠያቂዎች ናቸው፤ የሦስቱ የምዝገባ ቅጽ አልተፈረመም፤ አንዷ ደግሞ የምትኖረው በሌላ አስተዳደር ክልል ነው ተብሏል። ገንዘቡን ይሰጥ የነበረው የትምህርትና ክህሎት ፈንድ ኤጀንሲ መዘጋቱን ሰምቻለሁ። ሰጪው ከሌለ መልሱ የሚባለው በምን መሠረት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በኤጀንሲው መዘጋት ላይ የጣሉትን ተስፋ በቅድሚያ ላንሳልዎት፤ ምክንያቱም የተሰጠዎት 14 ቀን በዚህ ክርክር ቢያልቅ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። ኤጀንሲው በ2017 ሁለት ቀዳሚ ኤጀንሲዎችን በማዋሐድ የተቋቋመና ማርች 31 ቀን 2025 የተዘጋ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በሕግ ዓይን ከትምህርት ሚኒስቴር የተለየ የራሱ ሰውነት ያለው ድርጅት አልነበረም፤ የሚኒስቴሩ ሥራ አስፈጻሚ ክንድ ስለነበረ ውሎቹን ይዋዋል የነበረው በትምህርት ሚኒስትሩ ስም ነው። በመሆኑም ሲዘጋ የተለወጠው በደብዳቤው ራስ ላይ ያለው ስም እንጂ ተዋዋዩ ወገን አይደለም። በሴፕቴምበር 2025 የጎልማሶች ክህሎት ጉዳይ ከትምህርት ሚኒስቴር ወደ ሥራና ጡረታ ሚኒስቴር እንዲዛወር መወሰኑም ቀድሞ የተከፈለን ገንዘብ ከተጠያቂነት ነፃ አያደርገውም።

ከዚህም በላይ እርስዎ ከመንግሥት ጋር ውል የለዎትም። ውልዎ ከኮሌጁ ጋር ነው፤ ለመንግሥት ተጠያቂው ኮሌጁ ሲሆን እርስዎ ደግሞ ለኮሌጁ ተጠያቂ ነዎት። ይህ ሸክም ብቻ ሳይሆን መከላከያም ይሆንልዎታል፤ ኮሌጁ ከእርስዎ ሊጠይቅ የሚችለው በሁለታችሁ መካከል የተፈረመው ውል የሚፈቅድለትን ያህል ብቻ ነውና።

ስለሆነም ከሁሉ አስቀድመው የንዑስ ውሉን ገንዘብ ስለማስመለስ የሚናገር አንቀጽ ቃል በቃል ያንብቡ። በልምድ የማያቸው ውሎች በሁለት ዓይነት ይጻፋሉ። አንደኛው ኮሌጁ ለመንግሥት የመለሰውን ገንዘብ ንዑስ ተቋራጩ እንዲተካለት ያስገድዳል፤ ሁለተኛው ኮሌጁ ራሱ ብቁ አይደለም ያለውን ሠልጣኝ ሁሉ ክፍያ እንዲያስመልስ ሥልጣን ይሰጠዋል። የእርስዎ ውል የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነና ኮሌጁ እስካሁን ለመንግሥት አንድ ፓውንድ እንኳ ካልመለሰ፣ ጥያቄው ጊዜው አልደረሰም ብለው የመከራከር በቂ መሠረት አለዎት። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ግን ክርክሩ ወደ እያንዳንዱ ፋይል ይወርዳል።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ 30 በመቶው ነው። ኮሌጁ ከ20 ፋይል በ6ቱ ላይ ያየውን ጉድለት ባላያቸው ሠልጣኞች ሁሉ ላይ አባዝቶታል። የመንግሥት ኦዲተሮች በናሙና ያገኙትን ስሕተት በጠቅላላው ክፍያ ላይ የሚያሰሉበት አሠራር አለ፤ ይህ ሥልጣን ግን ለኮሌጁም የሚተላለፈው ውላችሁ ካስተላለፈው ብቻ ነው። ውሉ ስለ ናሙና ስሌት ዝም ካለ ኮሌጁ ሊጠይቅ የሚችለው ጉድለታቸው የተረጋገጠባቸውን ሠልጣኞች ክፍያ ነው። ውሉ ቢፈቅድ እንኳ 20ዎቹ ፋይሎች እንዴት እንደተመረጡ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አጠራጣሪ የሚመስሉት ተለቅመው ከሆነ ናሙናው ሌሎቹን ይወክላል ሊባል አይችልም። የቀሩትን ፋይሎች በሙሉ በጋራ ለመመርመር ሐሳብ ማቅረብም አግባብ ነው፤ ይህን የሚያደርጉት ግን አስቀድመው ለብቻዎ ከተመለከቷቸውና በይዘታቸው ከተማመኑ በኋላ ይሁን።

አሁን ወደ ስድስቱ ሠልጣኞች ልምጣ። የሁለቱ ጥገኝነት ጠያቂዎች ጉዳይ ኮሌጁ በቀላሉ ሊሳሳት የሚችልበት በመሆኑ በጥንቃቄ ይዩት። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ የቀድሞውን የጎልማሶች ትምህርት በጀት የተካው የጎልማሶች ክህሎት ፈንድ፣ በመርህ ደረጃ ሠልጣኙ ቀደም ባሉት 3 ዓመታት በአገሪቱ በመደበኛነት የኖረ እንዲሆን ይፈልጋል። ከዚህ መርህ ግን የታወቁ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው የ3 ዓመቱን ቆይታ ማሟላት አይጠበቅበትም። ውሳኔ በመጠባበቅ ላይ ያለ ጥገኝነት ጠያቂም ማመልከቻው በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር እየታየ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ በአገሪቱ ከኖረና ውሳኔ ካልተሰጠው ብቁ ነው፤ ይግባኝ ብሎ በ6 ወር ውስጥ ውሳኔ ያላገኘ ሰውም እንዲሁ። እንግዲህ ወሳኙ የቀን ቆጠራ ነው። ብዙ ጊዜ ፋይል ውስጥ የሚገኘው የጥገኝነት ጠያቂነት ካርድ ቅጂ ሲሆን በካርዱ ላይ ያለው ቀን ካርዱ የታተመበት እንጂ ማመልከቻው የቀረበበት ላይሆን ይችላል። ኮሌጁ 6 ወሩን ከካርዱ ቀን ጀምሮ ቆጥሮት ከሆነ ሠልጣኞቹ ማመልከቻ ያቀረቡበትን ቀን የሚያሳየውን የሚኒስቴሩን ደብዳቤ በፈቃዳቸው እንዲያመጡ ይጠይቋቸው። ስለ ሰነዶች ካነሳን አይቀር፣ የፕላስቲክ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዶች ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ጊዜያቸው እንዲያበቃ ተደርጎ በኤሌክትሮኒክ ቪዛ ስለተተኩ፣ የካርድ ጊዜ ማለፍ ብቻውን የሰውየውን የመኖር መብት አያሳጣም። ይህን የማያውቅ ኦዲተር አንድን ስደተኛ ከትምህርት ገበታ ሊያስወጣው ይችላልና ነገሩን በዝምታ አይለፉት።

ያልተፈረሙት ሦስት ቅጾች ከባዱ ነጥብ ናቸው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ተቀባይነት ስላለው ሠልጣኞቹ በኢሜይል ወይም በኮምፒውተር ሥርዓት ያረጋገጡበት አጋጣሚ ካለ እሱን ይፈልጉ። የክፍል መገኛ መዝገብ፣ የመግቢያ ምዘና ውጤት፣ የፈተና ምዝገባና በጊዜው የተላኩ መልእክቶች ትምህርቱ በእርግጥ መሰጠቱን ያስረዳሉ፤ ፊርማውን ባይተኩም የሚመለሰውን መጠን ለመደራደር ያግዛሉ። አጥብቄ የምለምንዎት ግን ዛሬ አስፈርመው የትናንት ቀን እንዳይጽፉ ነው። ይህን ማድረግ የሰነድ ጉድለትን በ2006ቱ የማጭበርበር ሕግ ወደሚያስቀጣ ወንጀል ይለውጠዋል፤ ለዓመታት የደከሙበትን ድርጅትም በአንድ ቀን ሊያፈርስ ይችላል። አሁን የሚፈረም ማረጋገጫ ካስፈለገ የዛሬውን ቀን ይያዝ፤ ስለምን እንደተጻፈም በግልጽ ይናገር።

የመጨረሻዋ ሠልጣኝ ጉዳይ በእንግሊዝ የጎልማሶች ሥልጠና ገንዘብ ከሚከፋፈልበት መንገድ የመነጨ ነው። በብዙዎቹ በከንቲባ የሚመሩ የጥምር አስተዳደሮችና በለንደን ገንዘቡን የሚሰጠው የአካባቢው አስተዳደር ሲሆን፣ ለቀረው የአገሪቱ ክፍል ማዕከላዊው መንግሥት ይሰጣል። ማን እንደሚከፍል የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ያለበት ቦታ ሳይሆን ሠልጣኙ ትምህርቱን በጀመረበት ጊዜ የሚኖርበት ፖስት ኮድ ነው። ሠልጣኟ ትምህርት ከጀመረች በኋላ ቤት ቀይራ ከሆነ ቅሬታው መሠረት የለውም። ስትጀምርም እዚያው ትኖር ከነበረ ግን በዚህ ላይ አይከራከሩ፤ የእሷን ክፍያ መቀበልዎ በቀሩት ላይ ያለዎትን ተአማኒነት ያጠነክረዋል።

ኮሌጁ ከቀጣዩ ክፍያ እቀንሳለሁ ማለቱን በሚመለከት፣ ውሉ የማቻቻል መብት፣ ማለትም አለኝ የሚለውን ዕዳ ከሚከፍልዎት ገንዘብ ላይ የመቀነስ መብት፣ ሰጥቶት እንደሆነ ይመልከቱ። መብቱ ሳይኖረው ከቀነሰ ባልተከፈለው ገንዘብ ላይ በ1998ቱ የንግድ ዕዳዎች መዘግየት ሕግ መሠረት ከእንግሊዝ ባንክ መነሻ ወለድ በላይ 8 በመቶ ወለድ መጠየቅ ይቻል ይሆናል፤ ውሉ ሌላ በቂ የወለድ መጠን ወስኖ ከሆነ ግን እሱ ይጸናል። ክፍያው ተቋርጦ የመምህራን ደመወዝ እንዳይጎድል ሲሉ ገንዘቡን ለመክፈል ቢገደዱ እንኳ መብትዎን ጠብቀው፣ በተቃውሞ የሚከፍሉ መሆኑን በጽሑፍ ይግለጹ። በውል ላይ ለተመሠረተ ክስ በእንግሊዝ ያለው ይርጋ 6 ዓመት ስለሆነ በሩ ወዲያው አይዘጋም። የአስተዳደር ውሳኔን በፍርድ ቤት ለማስመርመር የሚቀርብ አቤቱታ ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ ያለበት ቢሆንም፣ የእርስዎ ክርክር ከውል የመነጨ በመሆኑ ያ መንገድ የሚስማማዎት አይመስለኝም።

ፋይሎቹን በማናቸውም ምክንያት አያስወግዱ፤ የፈንዱ የገንዘብ አሰጣጥ ደንብ የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመበት የበጀት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ቢያንስ ለ6 ዓመት ማስረጃ እንዲቀመጥ ያዛል። የጠፋው ገንዘብ ለድርጅትዎ ከባድ ከሆነም የቦርድ አባላቱ አሁኑኑ ይወቁ፤ ለበጎ አድራጎት ኮሚሽን ሪፖርት ማድረግ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስኑት እነሱ ናቸውና።

በዚህ ሳምንት ለኮሌጁ የሚልኩት ደብዳቤ አጭር ይሁን። ጥያቄውን እንዳልተቀበሉት፣ እያንዳንዱ ጉድለት የ2024/25ን ደንብ የትኛውን አንቀጽ እንደሚጥስ እንዲገለጽልዎ፣ የናሙናው አመራረጥና የስሌቱ ዝርዝር እንዲሰጥዎ፣ ኮሌጁ ለመንግሥት የመለሰው ገንዘብ ካለ ማስረጃው እንዲቀርብ፣ እስከዚያም ከክፍያዎ ምንም እንዳይቀነስ ይጠይቁ። በውሉ ውስጥ የአለመግባባት መፍቻ ሥርዓት ካለ የዚያን አንቀጽ ቁጥር ጠቅሰው ሥርዓቱ እንዲጀመር ያሳስቡ፤ ደብዳቤውም 14ኛው ቀን ከማለፉ በፊት መድረሱን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ይያዙ።