ስለ ኮአክሲያል ኬብል ጠይቁኝ፤ ግን ፍሪኩዌንሲውንና ርዝመቱን ይዛችሁ ኑ

ስለ ኮአክሲያል፣ ማለትም መሃሉ ሽቦ ዙሪያው የብረት መረብ ስለሆነው የአንቴና ኬብል፣ ጥያቄ ያላችሁ ሁሉ ዛሬ አውጡት። በደንብ ለመመለስ ሦስት ነገር ማወቅ አለብኝ። በስንት ሜጋኸርዝ ነው የምትሠሩት? ኬብሉ ስንት ሜትር ነው? ትልካላችሁ ወይስ ትቀበላላችሁ ብቻ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ምርጡ ኬብል የቱ ነው?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ሦስቱን ነገር ጽፈህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ በ430 ሜጋኸርዝ የሚሠራ 50 ዋት ሬዲዮ አለኝ። አንቴናው ጣሪያ ላይ ስለሆነ 20 ሜትር ኬብል ያስፈልገኛል። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ኬብል ይበቃኛል?

መልስ፦ ተባረክ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። አይበቃህም። አርጂ-58 በዚህ ፍሪኩዌንሲ በ100 ሜትር 35 ዴሲቤል (የሚጠፋው ኃይል መለኪያ) አካባቢ ይበላል። እንደ አምራቹ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። በ20 ሜትር 7 ዴሲቤል ሆነ ማለት ነው። 3 ዴሲቤል ሲጠፋ ግማሹ ኃይል ሄደ። 7 ሲጠፋ የሚተርፍህ አንድ አምስተኛ ነው። ከ50 ዋትህ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 10 ዋት ነው፤ 40ው ኬብሉን ሲያሞቅ ይውላል። የምትቀበለው ሲግናልም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

በአርጂ-213 ብትሄድ የምታጣው 3 ዴሲቤል አካባቢ ነው፣ 25 ዋት ይደርሳል። በኤልኤምአር-400 ከ2 ዴሲቤል በታች ይወርዳል፣ ወደ 33 ዋት ይደርስልሃል። ሁለቱም ውፍረታቸው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? መሃሉን ሽቦ ከውጭው መረብ የሚለየውን ነጭ ፕላስቲክ ተመልከት። የአርጂ-213 ድፍን ነው። የኤልኤምአር-400 ፎም ነው፣ ውስጡ አየር አለ። ፎም ሲሆን የኬብሉን ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ከሬዲዮው ጋር መጣጣም ያለበትን 50 ኦም፣ ለመጠበቅ የመሃሉ ሽቦ መወፈር አለበት። ሽቦው ሲወፍር ደግሞ የሚባክነው ያንሳል።

በ7 ሜጋኸርዝ ብትሠራ ኖሮ ያው 20 ሜትር አርጂ-58 ከ1 ዴሲቤል በታች ነው የሚወስድብህ፤ ግዛው እልህ ነበር። ለዚህ ነው ፍሪኩዌንሲና ርዝመት እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ።

ጥያቄ፦ 50 ኦም ይሻላል ወይስ 75?

መልስ፦ ለሚልክ ሬዲዮ 50፣ ለቴሌቪዥንና ለዲሽ 75።

አንድ አባል፦ እኔ ግን በ75 ኦሙ አርጂ-6 እልካለሁ። ምንም አልሆነም።

ሌላ አባል፦ ሬዲዮህን ታቃጥላታለህ!

አንድ አባል፦ ኤስደብሊውአሩ (ወደ ሬዲዮው የሚመለሰው ኃይል መለኪያ፤ 1 ማለት ምንም አይመለስም) 1.5 ነው። በ1.5 የተቃጠለ ሬዲዮ አይተህ ታውቃለህ?

ሌላ አባል፦ እንግዲያው ኬብሉን እየቆረጥክ አሳጥረው፣ ወደ 1 ይወርዳል።

መልስ፦ ቆይ፣ ቆይ። 50 ኦም ከ75 ጋር ሲገናኝ የሚመለሰው ኃይል 4 ከመቶ ነው። በዚህ ሬዲዮ አይቃጠልም። ኬብል መቁረጥ ግን መፍትሔ አይደለም። ኢምፒዳንሱ ትክክል የሆነ ኬብል ቢረዝምም ቢያጥርም ኤስደብሊውአሩ ያን ያህል አይለወጥም። በቆረጥክ ቁጥር ንባቡ የሚዘል ከሆነ ወይ ኬብሉ 50 ኦም አይደለም፣ ወይ በመረቡ ውጫዊ ገጽ ላይ ከረንት እየሄደ ነው። አንቴናውን አስተካክሉ። ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ።

ጥያቄ፦ ኤስደብሊውአሩን ሬዲዮው ጋ ስለካው 1.2 ያሳያል፣ ማንም ግን አይሰማኝም። ኬብሉ ውጭ ከተዘረጋ ዓመታት አልፈውታል።

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ቁጥር ስንት ሰው ተሸውዷል! የተበላሸ ኬብል መለኪያውን ያሳምረዋል። የላክሽው ሲሄድ ይበላል፣ ከአንቴናው የሚመለሰውም ሲመጣ ይበላል። መለኪያሽ የሚመለስ ነገር ስላላየ “ጥሩ ነው” ይልሻል። 10 ዴሲቤል የሚበላ ኬብል ጫፉ ላይ ምንም ባይኖር እንኳ 1.2 ያሳያል።

አንቴናውን ፍቺና በአናላይዘር (ኤስደብሊውአር በሚለካው መሣሪያ) ለኪ። ከሌለሽ በሬዲዮሽ በትንሹ ዋት፣ ለአፍታ ብቻ። ጤነኛ ኬብል ጫፉ ክፍት ሲሆን በጣም ከፍ ያለ ቁጥር መስጠት አለበት። ከዚያ ኮኔክተሩን ክፈቺው። ጤነኛ መዳብ ያብረቀርቃል። ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ካገኘሽው ውሃ ገብቷል። ውሃ ደግሞ በመረቡ ክሮች መሃል እየተሳበ ርቆ ይሄዳል፤ ጫፉን ብቻ ቆርጦ መጣል ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ሁላችሁም ስሙ፦ ውጭ ያለ ኮኔክተር ሁሉ ይታሸግ። ፒኤል-259 የሚባለው የሬዲዮ ኮኔክተር በራሱ ውሃ አይከላከልም። እርስ በርሱ የሚዋሃደውን የጎማ ቴፕ እየወጠራችሁ ጠቅልሉ። ከታች ወደ ላይ ይሁን፣ ድርቡ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ውሃውን ወደ ውጭ እንዲያፈስ። ላዩን ፀሐይ በሚችል ቴፕ ሸፍኑት። ኬብሉ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይንጠልጠል፣ ውሃው እዚያ ላይ ይንጠባጠብ።

ጥያቄ፦ የዲሽ ኬብሌ መሃሉ ማግኔት ይስባል። ተጭበረበርኩ?

መልስ፦ የግድ አይደለም። መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ሲግናሉ የሚሄደው በላዩ ነው፤ በ100 ሜጋኸርዝ እንኳ መዳብ ውስጥ የሚዘልቀው 7 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። ችግሩ ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ላለው ሲግናል ተቀባይ) የሚልከው 13 ወይም 18 ቮልት ነው። እሱ በሽቦው ሙሉ ውፍረት ይሄዳል፣ ብረቱ ያዳክመዋል። መስመሩ ረጅም ከሆነ 18 የሚፈልጉት ቻናሎች ሊጠፉ ይችላሉ። ለረጅም መስመር ድፍን መዳብ ግዛ።

ጥያቄ፦ የዋይፋይ አንቴናዬን በ10 ሜትር ኬብል ላርቀው?

መልስ፦ አይሆንም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ኤልኤምአር-400 እንኳ በ10 ሜትር ከ2 ዴሲቤል በላይ ይበላል። መሣሪያውን አንቴናው አጠገብ ስቀል፣ የኔትወርክ ሽቦውን አስረዝም።

ጥያቄ፦ ላዩ ላይ “አርጂ-58 ታይፕ” የሚል ጽሑፍ አለው። ልመነው?

መልስ፦ ጽሑፉን ተወው። ጫፉን ላጥና መረቡን እይ። ነጩ ፕላስቲክ በመረቡ መሃል በሰፊው ከታየህ አትግዛው።

ጥያቄ፦ ወርቅ የተቀባ ኮኔክተር ለውጥ አለው?

መልስ፦ ለናንተ ሥራ የለውም። ማሸጉ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ምርጡ ኬብል የቱ ነው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ፍሪኩዌንሲ፣ ርዝመት።

ጥያቄ፦ ቅድም 1.2 ያልኩት እኔ ነኝ። አንቴናውን ፈትቼ ለካሁት፣ አሁንም 1.3 ይላል።

መልስ፦ አንቴናሽን እንዳትነኪ፤ ኬብሉን ቀይሪ። አዲሱንም ሳትሰቅይው በፊት ጫፉን ክፍት አድርገሽ ለኪና ቁጥሩን ጽፈሽ አስቀምጪ።