መልስ፦ ሜታልና ኖንሜታልን የሚለየው መስመር ለምን እንደ ደረጃ ሆነ?

ሰላም እህቴ፣ በፔሪዮዲክ ቴብል (በኤለመንቶች ሰንጠረዥ) ላይ ሜታልና ኖንሜታልን (ብረታማና ኢብረታማ ኤለመንቶችን) የሚለየው መስመር ለምን ቀጥ ብሎ እንደማይወርድ ነው የጠየቅሽው። ብዙ ሰው ሸምድዶት ነው የሚያልፈው።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ከ118ቱ ኤለመንቶች አብዛኞቹ ሜታል ናቸው፤ ግራውንና መሐሉን ይዘዋል። ኖንሜታሎቹ በስተቀኝ ወደ ላይ ተሰብስበዋል። ሃይድሮጅን ብቻ አፈንግጦ ግራ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ያለው ኤሌክትሮን አንድ ስለሆነ እንጂ ሜታል ሆኖ አይደለም።

ለደረጃው ግን ግሩፕ 14ን (14ኛውን ቋሚ ረድፍ) ብቻ ከላይ ወደ ታች ተመልከቺ። ኤለመንቶቹን እዚሁ ባሕር ዳር ታገኚያቸዋለሽ። ገበያ የሚሸጠው ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ ብትመቺው ይደቃል። ቀጥሎ ሲሊከን አለ፣ ጣሪያ ላይ የምታያቸው የሶላር ፓኔሎች የሚሠሩበት። ያብረቀርቃል፣ ግን ተሰባሪ ነው፤ ኤሌክትሪክም እንደ ሜታል አያስተላልፍም። እሱና ከሥሩ ያለው ጀርማኒየም ሜታሎይድ (በሜታልና በኖንሜታል መካከል ያሉ) ይባላሉ። ከዚያ ሬዲዮ ጠጋኙ የሚበይድበት ቲን ይመጣል። ከሥሩ ደግሞ የባጃጅ ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ። እሱን በመዶሻ ብትመቺው ይጠፈጠፋል እንጂ አይሰበርም።

ምክንያቱ? ወደ ታች ስትወርጂ አተሙ ይተልቃል። የውጭ ኤሌክትሮኖቹ ከኒውክሊየሱ ስለሚርቁ በቀላሉ ይለቀቃሉ፤ ይሄ ደግሞ የሜታል ጠባይ ነው። ወደ ቀኝ ስትሄጂ ግን ኒውክሊየሱ ጥብቅ አድርጎ ይይዛቸዋል። ሁለቱ ስለሚጓተቱ መስመሩ ከቦሮን ተነስቶ እንደ ደረጃ በሰያፍ ይወርዳል።

አሉሚኒየም መስመሩን ቢነካም ሜታል ነው። ፈተና አውጪዎች ይወዱታልና ልብ በዪው።