ስታኞው አልይዝ፣ መዳቡም እየተላጠ ላስቸገረህ

ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ክፍሎች የሚሰኩበት የሙከራ ሰሌዳ) ላይ በደንብ ይሠራ የነበረውን ሰርኪዩት ወደ ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ ስታዛውር ስታኞው (ቀልጦ የሚበይደው ቅይጥ) ተድቦልቡሎ እንደሚቀር፣ ደጋግመህ ስታሞቀውም በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያሉት የመዳብ ቀለበቶች እየተላጡ እንደሚነሡ ጽፈሃል። የመበየጃ ካውያህ የሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው ባለ 60 ዋት ነው፤ አቅም አንሶት እንደሆነም ጠይቀሃል።

አላነሰውም፤ ይልቁንም በዝቶበታል። 60/40 ስታኞ (60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ) በ183 ዲግሪ መቅለጥ ጀምሮ 190 ገደማ ላይ ይጨርሳል። እንደ አንተ ያለው ካውያ ግን ሥራ ፈትቶ ሲቆይ ከ400 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በርካሹ ቡናማ ሰሌዳ ላይ ቀለበቱን የያዘው ማጣበቂያ ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ ሲረዝምበት ይለቃል።

ብዙ እንድትቆይ የሚያስገድድህ ቆሻሻ ነው። ስታኞ ዝገት ላይ አይጣበቅም። መዳቡን በላጲስ ወይም በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት አሽተህ በአልኮል ጥረገው፤ ከዚያ በኋላ በጣትህ አትንካው። ያረጁ የሬዚስተር እግሮችንም በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጋቸው። የካውያውን ጫፍ ግን በፍጹም እንዳትሞርደው! መዳቡን የሸፈነው ስስ ብረት ከተፋቀ ጫፉ በስታኞው እየተበላ ያልቃል። በእርጥብ ስፖንጅ ጥረገውና ወዲያው ስታኞ አልብሰው፤ ካውያውን ከማጥፋትህ በፊትም እንዲሁ።

አሁን ጫፉን ቀለበቱንም እግሩንም በአንድ ጊዜ እንዲነካ አድርገህ አሳርፈው። አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቅና ስታኞውን በተቃራኒው በኩል አስጠጋ። በካውያው ጫፍ ተሸክመህ አታምጣው፤ በውስጡ ያለው ፍላክስ (ዝገቱን አጽድቶ ስታኞው እንዲጣበቅ የሚረዳው ነገር) መንገድ ላይ ተቃጥሎ ያልቃል፣ የሚደርሰውም የማይጣበቅ ኳስ ነው። ስታኞው ሲፈስ መጀመሪያ እርሱን፣ ቀጥሎ ካውያውን አንሣ፤ እስኪረጋ ድረስ ሰሌዳውን አታንቀሳቅስ። ሁሉም በሦስት ሰከንድ ውስጥ ካላለቀ ተወው፤ ይቀዝቅዝ፤ ፍላክስ ጨምረህ እንደገና ሞክር። ፍላክሱም ከዛፍ ሙጫ የተሠራው ይሁን። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት አሲድ ያለው ፍላክስ ውሎ አድሮ መዳቡን ይበላዋል።

የተነሡትን ቀለበቶች መልሰህ ለመለጠፍ አትድከም። እግሩን አጥፈህ ከሚገናኘው ክፍል እግር ጋር በቀጥታ በይደው፤ ባይደርስ ቀጭን ሽቦ ቀጥልበት።

ገንዘብ ስታገኝ እኔ ብሆን ከካውያው በፊት ሰሌዳውን እለውጥ ነበር። ቀዳዳው ውስጡ ድረስ መዳብ የለበሰው፣ ባለ ሁለት ገጹ የፋይበርግላስ ሰሌዳ በቀላሉ አይላጥም። በሁለተኛ ደረጃ መቆጣጠሪያ ያለው ካውያ ገዝተህ ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ላይ አድርገው። ስታኞው እርሳስ ስላለበት ከሥራ በኋላ እጅህን ታጠብ፤ ጭሱንም አትማገው፣ መስኮት ክፈት። ባትሪውን ከማገናኘትህ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን መገናኛ በመልቲሜትር ፈትሽ።