ሶሎ ሲደርሰኝ ጣቴ ይተሳሰራል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቅዳሜ ማታ ማታ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ዜማውን ስጫወት ምንም ችግር የለብኝም፣ ሶሎ (ብቻዬን የምጫወትበት ተራ) ሲሰጠኝ ግን አሁን የት ልሂድ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ ጣቴ ይተሳሰራል። ጓደኞቼ "አታስብ፣ ስሜትህን ተከተል" ይሉኛል፣ ስሜቴ ግን ባዶ ነው። ኢምፕሮቫይዝ ማድረግ፣ ማለትም እዛው ከራስ እየፈጠሩ መጫወት፣ ተሰጥኦ ነው እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ "አታስብ" የሚለው ምክር ግማሹ ልክ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አለ፣ 6 ፕሮፌሽናል የጃዝ ፒያኒስቶችን ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል የሚያነሳ ማሽን) ውስጥ አስተኝተው ትንሽ ኪቦርድ ሰጥተው ሲያጫውቷቸው፣ ከራሳቸው እየፈጠሩ በሚጫወቱበት ሰዓት ራስን የሚቆጣጠረው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ቀዝቀዝ ብሎ ነው የተገኘው። ስለዚህ ያ "ሰው ምን ይለኛል" የሚልህ ነገር እውነትም መቀነስ አለበት። ግን እነዛ ሰዎች እጃቸው ለዓመታት የጠገበው ነገር አለ፣ ስሜት ከባዶ አይቀዳም። እዛው ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ እንኳን ለንደንና ቦስተን ተምሮ ነው ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ያገናኘው።

አዝማሪን አስተውለህ ታውቃለህ? እንግዳው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ሲሰጠው ስለ ጣቱ የሚያስብበት ጊዜ የለውም፣ ጆሮው ሰውየው አፍ ላይ ነው፣ ማሲንቆውን እጁ ያውቀዋል። እኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው ባይ ነኝ፣ ሐሳብን ለማባረር አትታገል፣ ጆሮህን ከራስህ ላይ አንስተህ ቤዝ ጊታሩ ላይ ጣለው።

ቤት ስትለማመድ ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት ብቻ ያዝ፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። መጀመሪያ በአፍህ አንጎራጉረው፣ ከዛ ያንኑ በጣትህ ፈልገው፣ በአፍህ ያላልከውን አትንካ። መጀመሪያ ቀርፋፋ ይሆንብሃል ግን እሱን ታገስ፣ ጣትህና ጆሮህ የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው። ደግሞ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ትንፋሹ ሲያልቅ የግዱን ያቆማል፣ ኪቦርድ ግን ማንም አያስቆምህም፣ አንተው ሐረጉ ሲያልቅ እጅህን አንሳና ተንፍስ። የሳትካት ኖታ ካለችም ወደ ጎረቤቷ አንሸራተህ ቀጥል፣ ወደ ኋላ ዞረህ አትቁጠራት።

ቅዳሜ ሶሎ ሲደርስህ የመጀመሪያዎቹን 2 ባር (የምት ዙር) ምንም አትጫወት፣ ቤዙን ብቻ ስማው። ድራመሩን ግን ቀድመህ ንገረው፣ የጠፋህ መስሎት እንዳይገባብህ።