ስለ «ልዕልት ሞኖኖኬ» መነሻና ጭብጥ፦ ጥያቄና መልስ

ሃያዎ ሚያዛኪ በስቱዲዮ ጂብሊ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ለእይታ ስላበቃው ስለዚህ ፊልም የምትጠይቁኝን በምችለው መጠን እመልሳለሁ። አስቀድሜ የማሳስበው አንድ ነገር ነው፤ ፊልሙን «ደን ደግ፣ ሰው ክፉ» በሚል ሚዛን አትመዝኑት።

ጥያቄ፦ ሞኖኖኬ የልጅቱ ስም ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ስሟ ሳን ነው። ሞኖኖኬ በጥንቱ የጃፓን ቋንቋ ሰው ላይ ሰፍሮ የሚያሳምም፣ ሲብስም የሚገድል መንፈስ የሚጠራበት ቃል ነው። ያሳደገቻት የተኩላዎቹ አምላክ ሞሮ በመሆኗ ብረት በሚቀልጥበት በፊልሙ የብረት ከተማ የሚኖሩት ሰዎች በዚህ ቃል ይጠሯታል።

አንድ አባል፦ እንግዲያው የእኛ ዛር ማለት ነው።

ሌላ አባል፦ በሕይወት ካለ ሰውም ሊመጣ ስለሚችል ለቡዳ ይቀርባል።

መልስ፦ ሁለቱም አይገልጹትም። ዛር ግብሩ እየተሰጠው ከሰፈረበት ሰው ጋር ሲኖር ይኖራል፤ ቡዳ ደግሞ የዓይን ነገር ነው። ሞኖኖኬ በአብዛኛው የተበደለ ሰው ቂም ሲሆን፣ የሚያባርሩትም መነኮሳት በጸሎታቸው ነበሩ። ስለ ዛርና ስለ ቡዳ በሌላ ቀን ብትወያዩ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ዘመኑ መቼ ነው? ዋናው ገጸ ባሕርይ አሺታካስ ከየት የመጣ ነው?

መልስ፦ ዘመኑ ከ1336 እስከ 1573 የቆየው የሙሮማቺ ዘመን ነው። አሺታካ የጥንቱን የጃፓን ማዕከላዊ መንግሥት፣ ያማቶን፣ ለረጅም ጊዜ ሲዋጉ ከነበሩት የሰሜን ምሥራቅ ኤሚሺዎች ወገን ነው።

ጥያቄ፦ የብረት ከተማው በእውነት የነበረ ነገር ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከተማዋ ልብ ወለድ ብትሆንም ሥራው እውነተኛ ነው። ታታራ የሚባለው የሸክላ ምድጃ የሚመገበው የብረት አሸዋና የእንጨት ከሰል ሲሆን፣ በሺማኔ ግዛት በኦኩኢዙሞ ለሰይፍ ሠሪዎች ሲባል እስከ ዛሬ በክረምት ይነድዳል። በዚያ አንዱ ዙር ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ይፈጃል፤ 10 ቶን ያህል የብረት አሸዋና 12 ቶን ያህል ከሰል ገብቶበት የሚወጣው 2.5 ቶን ገደማ ብረት ነው። ከሰሉ ከየት እንደሚመጣ አስቡ። አሸዋውንም ለማግኘት ኮረብታ እየተናደ በውኃ ይታጠብ ስለነበር፣ ደለሉ ከታች ያለውን ወንዝ ይሞላው ነበር። የደን አማልክት በብረት ከተማዋ መሪ በኤቦሺ ላይ የተነሡበት ምክንያት በዚህ ሥራ ውስጥ አለ። ይሁን እንጂ የኦኩኢዙሞ ሰዎች ደኑን በየተራ እየቆረጡ 30 ዓመት ገደማ እንዲያገግም ይተዉት ስለነበር፣ ብረት ማቅለጥ ሁልጊዜ ደንን መፍጀት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ሌላም ነገር አለ፤ በልማዱ ሴት ወደ ምድጃው ቤት አትገባም ነበር። ሚያዛኪ ግን ኤቦሺ ከተሸጡበት ቤት ዋጅታ ያመጣቻቸውን ሴቶች ወናፉን በእግራቸው እንዲረግጡ አድርጓል፤ ይህን ያደረገው ልማዱን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ጠመንጃ ጃፓን የገባው በ1543 በፖርቱጋሎች ነው። ይህ ስሕተት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። በፊልሙ የሚታየው የፖርቱጋሎቹ ጠመንጃ ሳይሆን በቻይናው ሚንግ ሥርወ መንግሥት ዓይነት የተሠራ የእጅ መድፍ ነው። ኤቦሺ የሚንጉ እንደሚከብዳት ስትናገር አድምጡ።

ጥያቄ፦ ሙዚቃው የማን ነው?

መልስ፦ የጆ ሂሳይሺ።

ጥያቄ፦ ፊልሙ ባጠቃላይ ስለ ምንድን ነው?

መልስ፦ እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም፤ እባክዎ አንድ ትዕይንት ወይም አንድ ገጸ ባሕርይ ጠቅሰው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በጨርቅ የተጠቀለሉት ጠመንጃ ሠሪዎች እነማን ናቸው?

መልስ፦ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው። ሚያዛኪ ከመኖሪያው ብዙም በማይርቀው በታማ ዜንሾኤን የሕሙማን ማቆያ ያየው ነገር እነዚህን ሰዎች ወደ ፊልሙ እንዲያስገባ እንዳነሣሣው ተናግሯል። ጃፓን ሕሙማኑን ከሰው ለይቶ ያኖር የነበረውን ሕግ የሻረችው በ1996፣ ማለትም ፊልሙ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነው። ኤቦሺ እየበሰበሰ ያለውን ሥጋቸውን ያጠበች ብቸኛ ሰው መሆኗን ከመኝታው የማይነሣው ሽማግሌ ለአሺታካ ሲነግረው ልቡ የማይነካ ተመልካች ይኖራል ብዬ አላምንም።

አንድ አባል፦ ቢሆንም የከርከሮውን አምላክ ናጎን ወደ ርኩስ መንፈስ የለወጠው የእሷ ጥይት ነው፤ ጥፋተኛዋ እሷ ናት።

ሌላ አባል፦ ለእነዚያ ሴቶችና ሕሙማን ከእሷ በቀር ማን ነበራቸው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ አሺታካ በሁለቱ ወገን መካከል የሚቆመውም ለዚህ ነው። ደን ደግ፣ ሰው ክፉ የሚለውን ሚዛን እንድትተዉት ደግሜ እለምናችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሞኖኖኬ ሰውን ይህን ያህል የጠላችው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ስሟ ሳን መሆኑን ከላይ ጽፌዋለሁ፤ እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ። ወላጆቿ ራሳቸውን ለማትረፍ ሲሉ ሕፃኗን ለሞሮ ጥለዋት ሸሹ፤ ሰው ለእሷ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ ናጎ በአሺታካ ላይ ያሳደረው እርግማን ሙሉ በሙሉ ጠፋ?

መልስ፦ ሕይወቱ ተርፏል፤ መዳፉን ልብ ብላችሁ ብትመለከቱ ግን ደብዘዝ ያለ ጠባሳ ቀርቶበታል።